የሚካኤል ዝክር ዳቦ መጣልን፤ እንብላው?

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዓለይኩም። ደሴ ውስጥ ከሦስት ክርስቲያን ቤተሰቦች ጋር በአንድ ግቢ የምንኖር ሙስሊሞች ነን። ጎረቤታችን እትዬ በየወሩ በ12 ሚካኤልን ይዘክራሉ፤ ድፎ ዳቦና ንፍሮ ሳይልኩልን ቀርተው አያውቁም። ባለፈው ኅዳር ግን በግ ታርዶ ስለነበር ከዳቦው ጋር ቀይ ወጥ ላኩልን። አማቴ «ዳቦውን ብሉ፣ ሥጋውን ተዉ» አሉ። ወንድሜ ዳቦውም ሐራም ነው ብሎ ተቆጣ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ቁርኣን የመጽሐፉን ሰዎች ምግብ ስለፈቀደ ሥጋውንም ብሉ ትላለች። ወንድሜ የመውሊድና የዚያራ (የሸይኾች መቃብር ጉብኝት) ሰደቃም አትብሉ ይላል። በዚህ መሐል ትንሹ ልጄ ከወጡ ቀምሷል። እትዬን ማስቀየም አልፈልግም፤ ዲኔንም ማጉደል አልፈልግም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወዓለይኪ ሰላም ወራሕመቱላህ፣ እህታችን።

የሚሻለው አማትሽ ያሉት ነው። ወንድምሽ ሳህኑን እንዳለ በአንድ ፍርድ ጠቀለለው፤ ባልደረባሽ ደግሞ የጉዳዩን ግማሽ ይዛ ግማሹን ተወችው። የታረደ ነገር የራሱ ሕግ አለው፤ ያልታረደ ነገር ሌላ ነው። የተላከልሽን ዓይነት በዓይነት ለይተሽ ብታዪው ጭንቀትሽ በአብዛኛው ይቀልልሻል።

ከዳቦው እንጀምር። ድፎ፣ ንፍሮ፣ ቆሎ፣ ሽሮ አይታረዱም። አራጁ ማን ነው፣ ሲያርድ የማንን ስም ጠራ የሚለው ጥያቄ እነርሱን አይመለከትም። እናታችንን ዓኢሻን (ረ.ዐ.) አንዲት ሴት ስለ መጁሶች በዓል ጠይቃቸው ነበር፤ ልጆቻችንን የሚያጠቡ መጁሶች አሉ፣ በበዓላቸው ቀን ስጦታ ይሰጡናል አለቻቸው። የመለሱላት ለዚያ ቀን የታረደውን አትብሉ፣ ከዛፎቻቸው ፍሬ ግን ብሉ ብለው ነው። መጁሶች እሳት አምላኪዎች እንጂ የመጽሐፉ ሰዎች አይደሉም። የእነርሱ ፍሬ በበዓላቸው ቀን ከተበላ፣ የክርስቲያን ጎረቤት ዳቦ ምን ይከለክለዋል?

ወንድምሽ «ቄሱ ጸሎት ደግመውበታል» ይል ይሆናል። ቁርኣን «ከአላህ ሌላ ስም የተነሣበትን» ከከለከለባቸው ቦታዎች መካከል ሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 3 እና ሱረቱል በቀራ አንቀጽ 173 ይገኙበታል። ሁለቱም ቦታ ከበክት፣ ከደምና ከአሳማ ሥጋ ጋር የተጠቀሰ ነው። አብዛኞቹ ሙፈሲሮች (የቁርኣን ተንታኞች) የተረዱትም በእርድ ላይ የሚነሣውን ስም ነው። ስለዚህ በዳቦ ላይ የተደገመ ጸሎት ዳቦውን በክት አያደርገውም። ቢስሚላህ ብለሽ ቁረሺና ብዪ፤ ለልጆችሽም ስጪ። ወንድምሽ ልቡ ካልፈቀደለት አይብላ። መተው ኃጢአት የለበትም፤ ኃጢአት የሚሆነው አላህ ያልከለከለውን በሌላው ላይ ሐራም ማድረግ ነው።

ዳቦውን መብላትና በሥርዓቱ መካፈል ግን አንድ አይደሉም። ቄሱ መጥተው በድፎው ላይ ሲጸልዩ አብሮ መቆም ከአምልኳቸው መካፈል ነው፤ ጸሎቱ ካበቃ በኋላ ለቡና ሂጂ። ጽዋ መቀበልም እንዲሁ ነው። በማኅበር ዝክር ጽዋውን የተቀበለ ሰው ለሚቀጥለው ወር ደጋሽነቱን ተቀበለ ማለት ነው። በጎረቤትነት ዳቦ የበላ ግን እንግዳ ነው። እትዬ ይህን ከማንም በላይ ያውቁታልና ለጽዋ አይጠሩሽም።

ዳቦውን እበላለሁ ካልሽ ዘንድ አብሮ የሚመጣውን መለየት ይጠቅምሻል። የድፎው እርሾ አያሳስብሽ፤ አንቺም ቤት እንጀራ የሚቦካው በእርሾ ነው። ሊጡ በጠላ ተቦክቶ ከሆነ ግን ተይው። አይቡ ከአሬራ በሙቀት የሚወጣ ስለሆነ የእርድ ጥያቄ የለበትም። መጠንቀቅ ያለብሽ ከወጦቹ ነው። የምስር ወጡ በሥጋ መረቅ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። ሽሮው ቦዘና ሊሆን ይችላል። የሥጋውን ድስት ያማሰለ ጭልፋ ሳይታጠብ ሽሮው ውስጥ ይገባል። ዶሮ ወጥ ላይ ጠጅ ወይም አረቄ ጠብ የሚያደርጉ ባለሙያዎችም አሉ። እትዬ ወጡን ራሳቸው ስለሚሠሩት «ሥጋ ነክቶታል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ቀኑም ራሱ ብዙ ይነግርሻል። ዝክሩ የጾም ቀን ላይ ከዋለ ድግሱ የጾም ነው፤ የሥጋው ጥያቄ ከናካቴው አይነሣም። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ፣ ነሐሴ 1 የሚገባው ፍልሰታ፣ ኅዳር 15 የሚጀምረው የገና ጾም ሁሉ እንደዚህ ናቸው። የኅዳር 21 ጽዮንና የታኅሣሥ 19 ገብርኤል ምንጊዜም በገና ጾም ውስጥ ይውላሉ። ኅዳር 12 ግን ጾሙ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልሆነ በቀር በግ ይታረድበታል። እናንተ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ሰኔ 12 ብዙውን ጊዜ የሰኔ ጾም ላይ ይውላል፤ ይሁንና የሰኔን ጾም የማይጾም ምእመን ብዙ ስለሆነ በእርሱ አትተማመኚ።

አሁን ወደ ሥጋው። ባልደረባሽ ያለችው በሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 5 በግልጽ አለ፤ መጽሐፍ የተሰጣቸው ሰዎች ምግብ ለእኛ፣ የእኛም ለእነርሱ የተፈቀደ ነው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) «ምግባቸው» ማለት እርዳቸው ነው ብለው ፈትተውታል። ዳቦና እህልማ ከማንም ይበላልና አንቀጹ የመጽሐፉን ሰዎች ለይቶ መጥራቱ ስለ እርድ መናገሩን ያሳያል። የአገራችን ክርስቲያኖችም የመጽሐፉ ሰዎች ናቸው፤ ክርስትና በአክሱም የቤተ መንግሥት ሃይማኖት የሆነው በንጉሥ ኢዛና ዘመን፣ በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከእስልምና በፊት ነው። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) ኸይበር ላይ አይሁዳዊቷ ያቀረበችላቸውን የበግ ሥጋ ተቀብለዋል፤ የመረዘችው መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። ስለዚህ «የክርስቲያን እርድ በሙሉ በክት ነው» የሚል ሰው ከአንቀጹ ጋር ይጋጫል።

ነገር ግን የመጽሐፉ ሰው እርድ የሚበላው ሲያርድ ከአላህ ሌላ ስም ካልጠራበት ነው። በሐነፊይ መዝሀብ (የሕግ መንገድ) አራጁ የመሲሕን ስም ሲጠራ ከተሰማ አይበላም። ሻፊዒይም በዒሳ (ዐ.ሰ.) ስም የታረደውን ከልክለዋል፤ በሐንበሊይ የሚታመነውም ይኸው ነው። የኛ አገር ጉዳይ ከብዙ አገር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ክርስቲያን አራጅ ቢላዋውን ሲያሳርፍ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ይላል። ይህ በግምት የሚወራ አይደለም፤ ሁሉም የሚያውቀው ወግ ነው። እነርሱ በዚህ የሚጠሩት አንድ አምላክን ነው፤ እምነታቸው ነውና በእርሱ ልንከራከራቸው አይገባም። በእኛ ፊቅህ (የሃይማኖት ሕግ) ግን ይህ አጠራር የአላህን ስም ብቻ ማውሳት ተብሎ አይቆጠርም። የወሎ አባቶች የክርስቲያን ሥጋ ሳይበሉ የኖሩት ጎረቤታቸውን ንቀው አይደለም። ወሎ ውስጥ ያሉት መዝሀቦች፣ ሻፊዒይና ሐነፊይ፣ በዚህ ነጥብ የሚሉት ስለሚገጥም ነው።

«ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ ሥጋ ያመጡልናል፣ የአላህን ስም ያውሱበት አያውሱበት አናውቅም ሲባሉ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) እናንተ የአላህን ስም አውሱበትና ብሉ ብለዋል» የሚል ይኖራል። ሐዲሱ ቡኻሪ ዘንድ ያለ ሰሒሕ ነው። ጠያቂዎቹ የተናገሩት ግን በቅርብ ስለሰለሙ ሰዎች ነው፤ ጥርጣሬያቸውም «አውስተው ይሆን?» የሚል ነበር። የማይታወቅን ነገር እየቆፈርን እንዳንጨነቅ ያስተምረናል። የታወቀን ነገር ግን እንደማይታወቅ አያደርገውም።

የተለየ አስተያየት መኖሩንም ልንደብቅሽ አንፈልግም። ለቤተ ክርስቲያንና ለበዓል ስለታረደ በግ ሰሓባዎችም ተጠይቀዋል። አቡ ደርዳእ (ረ.ዐ.) ጂርጂስ ለምትባል ቤተ ክርስቲያን ስለታረደ በግ ሲጠየቁ፣ የመጽሐፉ ሰዎች ናቸው፣ ምግባቸው ለእኛ ሐላል ነው ብለው እንዲበላ ፈቅደዋል። ጂርጂስ እኛ ጊዮርጊስ የምንለው ነው፤ ስለዚህ ጥያቄሽ ከሞላ ጎደል የዛሬ 1,400 ዓመት ተጠይቋል። ከታቢዒዮች፣ ማለትም ከሰሓባዎች ቀጥሎ ከመጣው ትውልድ፣ እና ከተከታዮቻቸው ዐጣእ፣ መክሑል፣ አውዛዒይና ለይስ በዚሁ ሄደዋል፤ አላህ የሚሉትን እያወቀ ነው እርዳቸውን የፈቀደልን ይላሉ። ማሊክ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያንና ለበዓላቸው የታረደውን ጠልተውታል እንጂ ሐራም አላሉትም። ከኢማሙ አሕመድ ሁለት አባባል ተላልፏል። ይህ ሁሉ እያለ የበላን ሙስሊም «ከዲን ወጣ» ማለት ከባድ ድፍረት ነው። አንቺን የምንመክርሽ ግን ተይው ብለን ነው፤ የአካባቢሽ መዝሀብ ይህ ነው፣ በእርዱ ላይ የሚባለውም የታወቀ ነው፣ ሳትበዪው ብትቀሪ የሚጎድልብሽ ነገር የለም።

በጉ የስለት ከሆነ ነገሩ ይጠብቃል። «ልጄን ማርልኝና በግ አገባለሁ» ተብሎ ለመልአኩ የተሳለ ከሆነ ስሙ ብቻ ሳይሆን እርዱ ራሱ ለሌላ የቀረበ ይሆናል። እዚህ ላይ በወሎ የሚፈጠር አንድ ስሕተት አለ። ሁሉም እንዲበላ ተብሎ የስለቱን በግ ሙስሊም እንዲያርደው ይጠራል፤ እርሱም ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል። በአንደበት የአላህን ስም ጠርቶ እንስሳውን ለሌላ ማቅረብ አይሆንም። ባልሽ እንዲህ ዓይነት ጥሪ ከመጣለት በትሕትና ይተወው።

የሚሆነው አባቶች ሲያደርጉት የኖሩት ነው፤ ለሙስሊም እንግዶች ለብቻው ማረድ። እንስሳውን እትዬ ቢገዙት ምንም አይደለም፤ ብቻ ለእንግዶቻቸው መስተንግዶ የተገዛ እንጂ የስለቱ አይሁን። ለአንድ ግቢ ቤተሰብ በግ አያስፈልግም፤ 12 ብልት የሚወጣው አንድ ዶሮ ይበቃል። አራጁ ወንድ ካልተገኘ ራስሽ ማረድ ትችያለሽ። የሴት እርድ አይበላም የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። የከዕብ ኢብኑ ማሊክ አገልጋይ ልትሞት የደረሰችን በግ በስለታም ድንጋይ አርዳት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) «ሥጋዋን ብሉ» ብለዋል።

ስታርጂ ቢላዋው ስለታም ይሁን፤ እንስሳው እያየ አትሳዪው። ወደ ቂብላ ማዞር ሱና ነው፤ ከደሴ ቂብላው በቀጥታ ወደ ሰሜን ነው። «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» በዪና በአንድ ጊዜ ቁረጪ። በሻፊዒይ መዝሀብ የአየር ቧንቧውና የምግብ ቧንቧው ሙሉ በሙሉ መቆረጥ አለባቸው፤ በሐነፊይ ከእነዚህ ሁለትና ከሁለቱ የአንገት ደም ሥሮች ቢያንስ ሦስቱ። አራቱንም ብትቆርጪ ከሁሉም ጋር ትስማሚያለሽ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ዶሮ ላይ ነው፤ ገና እየተንፈራገጠ ፈላ ውኃ ውስጥ ይነከራል። ይህ ስቃይ ነው፤ ሞቱም በእርዱ ይሁን በፈላው ውኃ እንዳይለይ ያደርጋል። እስኪረጋ ድረስ ጠብቂ፣ የአንገቱን ደም እጠቢ፣ ከዚያ ንከሪ።

ዕቃ ብዙ ሰው ያስጨንቃል፤ አንቺን አያስጨንቅሽ። አቡ ሰዕለባ (ረ.ዐ.) ስለ መጽሐፉ ሰዎች ዕቃ ሲጠይቁ ሌላ ካገኛችሁ አትጠቀሙበት፣ ካላገኛችሁ አጥባችሁ ብሉበት ተብለዋል። ስለዚህ ለሙስሊሞቹ ወጥ አንድ ድስትና አንድ ጭልፋ ለይቶ መያዝ ይበቃል፤ እርሱ ከጠፋ የታጠበ ድስት ይሠራል። በጎመን ዘር የታሰሰ ምጣድ ላይ የተጋገረ እንጀራ ምንም የለበትም።

መጠጡን በአጭሩ፦ ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ አይሆንም። ቅራሪም ቀጠነ እንጂ ያው ጠላ ነው። ብርዝና ቀሪቦ ሳይቆዩ፣ ሳይፈሉ ይጠጣሉ፤ ከሰነበቱ ያሰክራሉና ተጠንቀቂ። መጠጥ የሚዞርበት ማዕድ ላይ መቀመጥን የሚከለክል ሐዲስ ስላለ፣ ድግሱ ሞቅ ሲል ከመቀመጥ ድርሻሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ ግቢ።

ልጅሽ የቀመሰው ምንም አያመጣበትም። ሕፃን ነው፣ አልተጻፈበትም፤ አንቺም ሳታውቂ የሆነ ነው። ከፋራ (ማካካሻ) የለውም፣ አፉን አጥቦ መጫወት ነው። ከእንግዲህ የግቢው ሰው ሁሉ ጉርሻ ሲዘረጋለት «ሥጋ አለው?» ብሎ መጠየቅን አስለምጂው። ወጡ ድንገት ከመጣ አትድፉት። ምግብ ነው፣ የሰው ድካም ነው። በዚያው ቀን ሳይበላሽ ለእትዬ መልሺ፣ ወይም እርሳቸው እያወቁ ለሌላው ክርስቲያን ጎረቤት ይሰጥ።

ስለ መውሊድና ስለ ዚያራ ደግሞ ወንድምሽ ሁለት ጥያቄ አቀላቅሏል። መውሊድን ማክበር የቆየ የዑለማ ክርክር ነው። ፋኪሃኒ ቢድዓ (በዲን ላይ የተጨመረ አዲስ ነገር) ነው ብለዋል፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጡት፣ በ911 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ሱዩጢ ደግሞ ፈቅደውታል። ወንድምሽ የመጀመሪያውን ከያዘ በስብሰባው አይገኝ፤ መብቱ ነው። ድስቱ ግን ሌላ ነው። ሙስሊም በአላህ ስም ለአላህ ብሎ ያረደውና ለሰው ያበላው ሰደቃ ሐላል ነው፤ ቤትሽ ከተላከልሽ ብዪ።

በወሎ የዚያራ ቦታዎች፣ ጀማ ንጉሥ፣ ዳና ወይም ጌታ ላይ ስለሚታረደው ግን የወንድምሽን ስጋት አትናቂው። መለኪያው የባለ ነዝሩ (የተሳለው ሰው) ንግግር ነው። «ለአላህ ነዝሬያለሁ፣ ሥጋውን እዚያ ያሉት ድኾችና ደረሶች ይብሉት» ካለ ነዝሩ ለአላህ ነው። «ሸይኹ ልጄን ሰጥተውኛልና ለእርሳቸው አርዳለሁ» ካለ ግን ዐሊይ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ሐዲስ ከአላህ ሌላ ላለ ያረደን አላህ ረግሞታል ይላል፤ ያ ሥጋ አይበላም። ቡዋና የሚባል ቦታ ግመል ሊያርድ የተሳለ ሰው ሲመጣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የጠየቁት፣ እዚያ የሚመለክ ጣዖት ነበር ወይ፣ የጃሂሊያ በዓል ይከበርበት ነበር ወይ ብለው ነው። የለም ሲባሉ ስለትህን ፈጽም አሉት። ሳይጠይቁ አልፈረዱም፤ ወንድምሽም እንዲሁ ያድርግ። በሻፊዒይ መዝሀብ ደግሞ ባለ ነዝሩ ከነዝሩ ሥጋ አይበላም፤ በእናንተ ቤት የሚረሳው ይህ እንዳይሆን ተጠንቀቁ።

እትዬን እንዴት ትነግሪያቸዋለሽ? የድግሱ ዕለት ሳህኑን ይዘሽ በር ላይ አይሁን። ኅዳር 12 ሁለት ሳምንት ሲቀረው በቡና ላይ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ አንሺው። «እትዬ፣ ዳቦዎን በየወሩ በደስታ ነው የምንበላው። ሥጋው ግን እርድ ስለሆነ አይሆንልንም፤ እርስዎም የእኛን እንደማይበሉት ነው። ዘንድሮ ዶሮዋን እኔ ላምጣና አርጄ አብረን እንሥራ» በያቸው። እትዬ የአንቺን የአረፋ ሥጋ ቀምሰው አያውቁምና ነገሩ እንግዳ አይሆንባቸውም። የሚያስቀይማቸው ሳህኑን ተቀብለሽ ለውሻ መስጠትሽን ከልጆች አፍ ቢሰሙ ነው። ወንድምሽም ቤትሽ ሲመጣ በእርሳቸው ፊት «ሐራም» እያለ እንዳይናገር ንገሪው። ዲናችን ላልተዋጋን ሰው በጎና ፍትሐዊ እንድንሆን አልከለከለንም፤ ሱረቱል ሙምተሒና አንቀጽ 8 ላይ አብራችሁ አንብቡት።

ለአረፋም እትዬን ባዶ እጅ አታስቀሪያቸው። እርድሽን ስለማይበሉ የምስር ሳምቡሳ፣ ሙዝና ብርቱካን፣ ወይም አንድ ኪሎ ቡና ይዘሽ ሂጂ። አቅም ካለሽ ከነነፍሷ አንዲት ዶሮ ስጪያቸው፤ እርሳቸው ያሳርዷታል። አረፋ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ሳምቡሳው በዘይት ይጠበስ፣ ቅቤ አይንካው።